የሩፋኤል ዋዜማ ማዕበል

በዚያ የጳጉሜ ሳምንት ዴንቨር ኤርፖርት አጠገብ ባለው የሾፌሮች መጠበቂያ ቆመን፣ ሌሎቹ የትኛው በረራ እንደዘገየ ስልካቸው ላይ ሲያዩ እኔ የባሕር ማዕበል ትንበያ አይ ነበር። ኮሎራዶ ተቀምጦ የማዕበል ትንበያ የሚያይ ሰው ያስቃል። እዚህ ውሃ ቢባል ቼሪ ክሪክ ግድብ ነው፤ እሱንም በአጠገቡ ሳልፍ እንጂ ወርጄ እግሬን ነክሬበት አላውቅም። አንድ ሾፌር በመስኮቴ አጮልቆ ስልኬን አየና "ምነው፣ ታክሲው አላዋጣ ብሎህ መርከብ ልትነዳ ነው?" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚገባውን መልስ እሰጠው ነበር። ያን ቀን መስኮቱን ዘጋሁበት።

እናቴ ካሊፎርኒያ እህቴ ጋ ነበረች። ሚያዝያ ላይ ከአገር ቤት መጥታ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር እኔ ቤት ከረመች፤ ፍልሰታን ከፈታች በኋላ እህቴ መጥታ ወሰደቻት። እህቴ የምትኖረው ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሰሜን ብዙ ተነድቶ በሚደረስበት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከቤቷ ትንሽ ነዳ እንዳደረጉ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ አለ። ከፊቱ ደሴት የለው፣ ከጎኑ ተራራ የለው፤ ከዓለም ጫፍ የተነሣ ማዕበል ምንም ሳያደናቅፈው የሚደርስበት ቦታ ነው። እናቴ እዚያ የሄደችው የልጇን ቤት ለማየት ብቻ አልነበረም። ስለት ነበረባት።

ስለቱ በኔ ምክንያት ነው። ወጣት ሳለሁ ለማንም ሳልናገር ከቤት ወጥቼ፣ በሶማሊያ በኩል በጀልባ ወደ የመን ተሻግሬያለሁ። ወሬዬ እስኪሰማ ወራት አለፉ። በነዚያ ወራት እናቴ፣ የጠፋ ልጅ ሁሉ በባሕር ነው የሚሄደው ሲሏት፣ ለቅዱስ ሩፋኤል ተሳለች፤ "ልጄን ከባሕር አውጥተህ ድምፁን ካሰማኸኝ፣ በዕለትህ ባሕር ገብቼ አመሰግንሃለሁ" አለች። ሌላ እናት ጥላ ትሳላለች፣ ሻማ ትሳላለች። የኔዋ በዕድሜዋ ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ ባሕር ተሳለች። ሩፋኤልን የመረጠችው ያለ ነገር አይደለም። በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ የተሠራች ቤተ ክርስቲያኑ ስትናወጥ ዓሣውን በዘንጉ ወግቶ ያቆመ እሱ ነው፤ ይህን ከሕፃንነቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። ደግሞ በሩፋኤል ሰማይ ይከፈታል፣ ውሃ ሁሉ ጠበል ነው ትላለች። እኛም ልጆች ሳለን በጳጉሜ ዝናብ ራቁታችንን እየወጣን ስንጨፍር ያደግን ነንና አልክድም።

እንግዲህ ያቺ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ዋና የማትችል፣ ቅዳሜ በሩፋኤል ቀን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ልትገባ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። እኔ ባሕርን አውቀዋለሁ። እንዴት እንዳወቅኩት ግን ለእሷም ለእህቴም ነግሬ አላውቅም፤ "ተሻገርን፣ ደረስን" ብያቸው ነው ያለፍኩት። አብሮኝ የወጣ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። ስለ እሱ የጠየቀኝን ሁሉ "የመን ዳርቻ ላይ ተለያየን" እለው ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት በደወልኩ ቁጥር ጎረቤታችን ስልኩን ተቀብለው "ስለሱ የሰማኸው አለ?" ይሉኛል። "የለም እማማ" እላለሁ። "በርታ፣ አጠያይቅ" ይሉኛል።

ማዕበል እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረኝ ረቡዕ ጠዋት ከሌክውድ ያነሣሁት ተሳፋሪ ነው። ረጅም ቦርሳ ይዞ ነበር፤ የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሜ ነው ያስገባሁለት። ዴንቨር እየኖረ በየወሩ ማዕበል ላይ ሊንሸራተት ወደ ዌስት ኮስት የሚበር ሰው ኖሯል። ወሬ መጀመር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጀመርኩ። የእህቴን ዳርቻ ስም ስነግረው ከንፈሩን ነከሰ።

"የማዕበሉን ቁመት አትይ" አለኝ። "በሁለቱ መካከል ያለውን ሴኮንድ እይ። ሴኮንዱ በረዘመ ቁጥር ከሩቅ የመጣ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚመጣው።"

ከኒውዚላንድ በታች ትልቅ ወጀብ ተነሥቶ እንደነበር፣ የሱ ማዕበል ውቅያኖሱን አቋርጦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያ እንደሚደርስ ነገረኝ። ቅዳሜ ይብሳል አለኝ። የሚያስፈራው ቁመቱ እንዳይመስልህ አለ፤ የሚያስፈራው ፀጥታው ነው። ሃያ ደቂቃ ባሕሩ ሐይቅ መስሎ ይተኛል፤ ሰው ይዘናጋል፣ ይገባል። ከዚያ አራት አምስት ሆነው ተከታትለው ይመጣሉ። ዳርቻው ቁልቁል ስለሆነ ሰውን የሚወስደው ወጥቶ የሚመለሰው ውሃ ነው።

"ማነው የሚገባው?" አለኝ ሲወርድ።

"እናቴ።"

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው።

ከሰዓት በኋላ ቻምበርስ ሮድ አቅራቢያ ያሉትን የንስሐ አባቴን አገኘኋቸው። የናቴ ስለት በሌላ ይለወጥልኝ፣ ባሕሩ ቀርቶ ለቤተ ክርስቲያን የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ ላቅርብ አልኳቸው። አባ እስክጨርስ ሰሙኝና "ስለት ይለወጣል። ግን ባለስለቷ ስትጠይቅ ነው እንጂ ልጇ ስለፈራ አይለወጥም" አሉኝ። ቀጥለው "ለመሆኑ የፈራኸው ምንድነው? ላብ በላብ ሆነሃል" አሉኝ። ሥራ እንዳለብኝ ነግሬ፣ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ትንበያውን መክፈት ነበር። ረቡዕ አረንጓዴ የነበረው ዓርብ ላይ ቢጫ፣ ቅዳሜ ላይ ቀይ ሆኗል።

ሐሙስ ለእህቴ ደወልኩ።

"ኧረ ተው እባክህ!" አለችኝ። "ዛሬ እኮ ወርደን አይተነዋል። ልክ እንደ ላንጋኖ ነው፣ ሶ ካልም!"

"ነገ ይመጣል ነው የምልሽ።"

"ዴንቨር ሆነህ ነው እንዴ ባሕሩን የምትነግረኝ? እኔ እኮ ኤቭሪ ደይ አየዋለሁ።"

"ማየትና ማወቅ አንድ አይደለም!"

"አትጩህብኝ። እሷን ላገናኝህ፤ ከሷ ጋ ተጣላ።"

እናቴ ቀረበች። የእህቴ ጓሮ ውስጥ ጎመን እንደተከለች፣ የጎረቤቷ ውሻ እንደለመዳት ነገረችኝ። እስክትጨርስ ሰማኋት።

"እማዬ፣ ባሕሩ ሊቆጣ ነው" አልኳት በመጨረሻ።

"ማን ነገረህ?"

"ስልኬ።"

"ስልክህ ከመቼ ወዲህ ነው ነቢይ የሆነው?" ሳቀች። "ዓሣ አንበሪ ያቆመ መልአክ አንዲት አሮጊት ማቆም ያቅተዋል? ይልቅ አንተ ጸልይልኝ።"

ምን ብዬ ልመልስ? እውነቱን ብናገር አንዱ ቃል ሌላውን ይስበዋል፤ መጨረሻው የጎረቤታችን ቤት ደጃፍ ነው። ስለዚህ ዋሸሁ። ሰውን ከአደጋ ለማዳን መዋሸት ኃጢአት ነው ብዬም አላምንም፤ እኛ አገር ስንት ሰው እየተዋሸ ነው በሰላም የሚኖረው። ቅዳሜ ዳርቻውን ፖሊስ ይዘጋዋል፣ የገባ ይታሰራል፣ እህቴንም ከሥራዋ ያስባርራታል አልኳት።

"ቅዳሜ ነው የሚዘጉት?"

"አዎ፣ ቅዳሜ።"

"እሺ ልጄ።"

ማታ ለባለቤቴ "ጨረስኩት" አልኳት። የሆስፒታል ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም ነበር። እየተገረመች አየችኝና "እናትህ ናት እሺ ያለችው? በቀላሉ?" አለች። "አዎ" አልኩ። "ስለት ያለባትን ሴት ፖሊስ አያቆማትም፣ ታያለህ" አለችኝና ልብሷን ልትለውጥ ወጣች። እኔ ግን ከሳምንቱ ሁሉ ያን ቀን የተሻለ ተኛሁ።

ዓርብ ሙቀቱ የሚያነድ ነበር፤ ደረቅ ነፋስ አቧራውን ከሜዳው እያነሣ መጠበቂያው ላይ ይበትነዋል። ወደ ማምሻው ገደማ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ባሕሩ ውስጥ ርቆ የሚንሳፈፍ መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ስልኬ ላይ በየጊዜው ይለወጣል። ከምሳ በኋላ በሁለት ማዕበል መካከል ያለው ሴኮንድ በአንዴ ከዘጠኝ ወደ አሥራ ስምንት ዘለለ። ባለ ረጅም ቦርሳው ተሳፋሪ እንዳለው ደርሷል። እንኳንም ዋሸሁ አልኩ ለራሴ። ያን ጊዜ ነው ፎቶ የገባልኝ፤ ከእህቴ ነው።

እናቴ በባዶ እግሯ አሸዋ ላይ ቆማለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ። ከኋላዋ ባሕሩ ተኝቶ ያበራል። ከሥሩ እህቴ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "ዋዜማው ገብቷል፣ ፖሊስ ሳይዘጋው ዛሬ ላድርሰው አለችኝ።"

ዋዜማ። እኔ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው ብዬ በስልኬ የቀን መቁጠሪያ ሳሰላ፣ ለእናቴ የሩፋኤል ቀን ዓርብ ማታ ገብቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ በዋዜማ ቤተ ክርስቲያን የቆምኩ ሰው ይህን እንዴት ረሳሁት? ቅዳሜ ተዘጋ ስላት አንድ ቀን አስቀደመች፤ የምትገባው ደግሞ የመጀመሪያው ማዕበል በሚደርስበት ሰዓት ነው። በገዛ አፌ ገፍቼ የከተትኳት እኔ ነኝ።

ደወልኩ። አይነሣም። እንደገና ደወልኩ። ከመኪናው ወረድኩ። ለድንገተኛ አደጋ 911 ብደውል የሚያነሣው የዚሁ የአውሮራ ወይም የዴንቨር ሰው ነው፤ እስካስረዳው ድረስ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ተራዬ ደርሶ የተሳፋሪ ጥሪ መጣልኝ፣ ሰረዝኩት። አጥሩ ጋ ሄጄ አንድ ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ ደወልኩ። አውሮፕላን በላዬ አለፈ። ከኋላዬ አንዱ ሾፌር "ምን ሆንክ?" ይለኛል፤ በእጄ አባረርኩት። ያን ጊዜ ላስበው የምችለው የፎቶውን ባሕር ብቻ ነበር። ያንን ፀጥታ አውቀዋለሁ።

ስልኩ ተነሣ። መጀመሪያ የሰማሁት ነፋስ ነው።

"ሃሎ! ፎቶው ደረሰህ? ቪዲዮ ላድርገው?"

"የት ናት?"

"ውሃው ጫፍ ላይ። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ገብታለች፣ እየጸለየች—"

"ያዣት!"

"ምን?"

"ቀሚሷን፣ ነጠላዋን፣ ያገኘሽውን ያዢና ወደ ላይ ጎትቻት!"

"ኧረ እየጸለየች ነው እኮ፣ እንዴት አድርጌ—"

"እሺ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ። አሁኑኑ!"

የእግር ኮቴ፣ የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ የናቴ ትንፋሽ። "ልጄ" አለችኝ፤ ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ሆኗል። "ደረስኩ እኮ። ነካሁት። እንዴት ያለ ነገር ነው!"

የቀረኝ ውሸት አልነበረም። ቢኖርም ጊዜ አልነበረም።

"እማዬ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር አልተለያየንም። ሞቷል። ማዕበል ነው የወሰደው፣ ዐይኔ እያየ። አሁን እንደምታይው ያለ የተኛ ባሕር ነበር።"

ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

"አውቃለሁ" አለች እናቴ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"መጀመሪያ የደወልክ ዕለት። አወራህ፣ አወራህ፤ ስለ እሱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስክም። አብራችሁ ያደጋችሁ ልጆች! ያን ቀን አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ያላየሁትን እንዴት መርዶ ልናገር? ያየኸው አንተ፤ አንተ ደግሞ ዝም አልክ።"

"እማዬ፣ በማርያም፣ ውጪ። ደረቁ አሸዋ ላይ ውጪና ተቀመጪ። እንዴት እንደመጣ እነግርሻለሁ፤ አልደብቅሽም።"

"ስለቱስ?"

"ስለቱ የትም አይሄድም። ውጪ ብቻ።"

እናቴ ትእዛዝ ሰምታ አታውቅም። ያን ቀን ሰማችኝ። እህቴ ደግፋት ስትወጣ፣ አሸዋው እግሯን ሲውጣት ስታማርር ይሰማኛል። እርጥቡ አሸዋ እስኪያልቅ አትቁሙ አልኩ። አለቀ አሉኝ። ጨምሩ አልኩ። ጨመሩ። እህቴን ድምፁን ለሁለታችሁም እንዲሰማ ክፈቺው አልኳትና፣ እኔም አጥሩን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ነገርኳቸው። ጀልባዋ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን እንደተሻገርን፣ ሲነጋጋ ዳርቻው እንደታየን። አሻጋሪዎቹ ጠባቂ ፈርተው ሳይጠጉ ዝለሉ እንዳሉን፣ ያልዘለለውን በዱላ እንደገፉት። እሱ ከኔ በፊት ዘለለ። ውሃው እስከ ደረቱ ነበር፤ ቆሞ ሳቀብኝና "ና፣ ይደርስሃል" አለኝ። ዘለልኩ። ከኋላችን ማዕበል ተነሣ፣ ሁለታችንንም ደፋን። ስንወጣ ተያየን፤ አፉ አሸዋ ሞልቷል፣ አሁንም ይስቃል። ሁለተኛው ሲመጣ እጁን ወደኔ ዘርግቶ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ አላየሁትም። እስኪመሽ አሸዋው ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ባሕሩ ተመልሶ ተኝቶ ነበር።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ እህቴ "ወይኔ!" ብላ ጮኸች።

ድምፁ ተሰማኝ። በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ፣ አጥር ስር ተቀምጬ፣ ተሰማኝ። ወፍራም ጉምጉምታ፣ ከዚያ እንደሚጎተት ጠጠር ያለ። ስማቸውን እየጠራሁ ስጮህ ሾፌሮቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። "ደኅና ነን፣ ደኅና ነን" ትላለች እህቴ፣ እያለቀሰች። "ጫማዋን ወሰደው። እዚያ ነበርን እኮ። ኦ ማይ ጋድ፣ አሁን እዚያ ነበርን።" ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። እህቴ ከተቀመጡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚደርስና እንደሚመለስ ትነግረኛለች።

እናቴ "እንዲህ ነው የመጣበት?" አለች።

"አዎ እማዬ።"

"በሁለተኛው ነው ያልከኝ?"

"በሁለተኛው።"

"አይ ልጄ" አለች። የቱን ልጇን እንዳለች አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ያላወቅኩትን ነገረችኝ። ስለቱን የተሳለችው ብቻዋን አልነበረም። እኛ የጠፋን ሰሞን ከጎረቤታችን ጋር አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ አንድ ስለት ነው የተሳሉት። የኔ ድምፅ ተሰማ፤ የሱ አልተሰማም። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ "የኔም ሲመጣ አብረን እናስገባለን" ይላሉ። እናቴ አሜሪካ ልትመጣ ስትነሣ ደጅ ድረስ ሸኝተዋት "ባሕሩን ካገኘሽ የኔን ድርሻ አትርሺ" ብለዋታል።

"በምን ዐይኔ ተመልሼ አያታለሁ?" አለችኝ። "ለሁለታችን ልገባ ነበር። አሁን ግን የልጇን ገዳይ እያየሁ አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ። ሩፋኤል ይቅር ይበለኝ፣ አልገባም። የባሕሩ ስለት ይቅር፤ በሱ ፈንታ አንተ መርዶውን ተናገር።"

"በስልክ? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?"

"ሽማግሌዎቹን እኔ እልካለሁ። በወጉ ይነግሯታል። ያየኸው ግን አንተ ነህ፤ ስትጠይቅ የምትመልስላት አንተ ነህ።"

"ተስፋቸውን ልቀማቸው ነው የምትዪኝ? እስከ ዛሬ በሱ አይደል የኖሩት?"

እናቴ ተቆጣች። እንዲያ ስትቆጣ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። "ተስፋ ነው የምትለው? በየቅዳሜው አልጋውን ታነጥፋለች። በዓል በመጣ ቁጥር በሩን እያየች ትውላለች፤ እንጀራው ይቀዘቅዛል፣ አትበላም። አንተ ኮሎራዶ ነህ። የማያት እኔ ነኝ። ሌላ እንቁጣጣሽ በሩን እያየች አትውልም!"

በደግነት ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ክፋት ነበር አልልም። ግን ዝምታዬን ሲያበስሉ፣ ሲጋግሩና ሲያነጥፉ የኖሩት እሳቸው እንጂ እኔ አልነበርኩም።

እናቴ በማግስቱ ስልክ ላይ ዋለች። ለጎረቤታችን ንስሐ አባት፣ ለታላቅ ወንድማቸው፣ ለዕድሩ ሰዎች ነገረች። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሊገቡባቸው ተስማሙ፤ እኛ ዘንድ እሑድ ማታ መሆኑ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ሥራ አልገባሁም። ሲመሽ ልጆቹ እንዳይሰሙ ብዬ ግሪን ቫሊ ራንች ቤታችን ደጅ ላይ ያቆምኩት መኪና ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄን ያዘች። ሊጠይቁኝ የሚችሉትን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቻለሁ። ለምን ደበቅከኝ ቢሉኝ የምለውን። ለምን አልያዝከውም ቢሉኝ የምለውን። ለዚህኛው የረባ መልስ አላገኘሁለትም ነበር።

ስልኩ ጠራ። አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ነግረናቸዋል" አሉኝ። ከኋላቸው የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። "ያየውን ልጅ አገናኙኝ ብለዋል፤ እንካ።"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ የልብስ ኮሽታ፣ ከዚያ የእሳቸውን ትንፋሽ ሰማሁ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

ልቅሶው ከኋላቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሳቸው ግን አያለቅሱም። ለምን ደበቅከኝ አላሉኝም። ለምን አልያዝከውም አላሉኝም።

"ውሃው ይበርድ ነበር?" አሉኝ።

"አይበርድም ነበር እማማ። የሞቀ ነበር። እውነቴን ነው፣ የሞቀ ነበር።"

"እሱስ ደግ" አሉ። "ብርድ አይችልም ነበር እኮ።"